ማዕዴን ጥለውብኝ የሄዱት ሦስቱ

በመጀመሪያ የተፈጸመብኝ በደል ይጻፍልኝ። ሦስት የልጅ ልጆቼ፣ የራሴ ሥጋና ደም፣ አባታችን ሆይን በማዕዴ ላይ ያስተማርኳቸው፣ እንቁላል በክር እየከፈልኩ ያበላኋቸው፣ አንድም ቀን አንዱን ከሌላው ያላስበለጥኩባቸው ልጆች፣ በዚህ በጥቅምት ወር ሳይጣሉኝ፣ ሳያኮርፉኝ፣ ሳይነግሩኝ ምሳዬን ጥለው ጎረቤት ሄደው በሉ። አንድ ቀን ቢሆን ዝም ባልኩ። ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው። ይህ ይመዝገብልኝ። የሚመዘግብልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴው እየመዘገብኩት ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ፤ ከዚያም በማታው ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቻለሁ። ያቆመችው ማካፈል አቅቷት ነው የሚሉ እንዳይኖሩ፤ በማካፈልስ የሚደርስብኝ የለም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ድሮ አምባሰል ገጠር ነበርኩ። ባለቤቴ ሲያርፍ ልጄ መጣችና "እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም" ብላ ሐይቅ ከተማ አመጣችኝ፤ አምጥታም ለብቻዬ ቤት ተከራየችልኝ። ይህን ሳስበው ያስቀኛል፤ ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። አልፈርድባትም፤ የእሷ ቤት ጠባብ ነው፣ እኔም ሰፊ ሴት ነኝ፣ በአካልም በአስተያየትም። የምትሠራው ውጫሌ፣ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከእኔ ቤት የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ምሳቸውን እኔ ዘንድ እንዲበሉ ተስማማን። ናቲ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ረድኤት አሥር፣ ሚጣ ስድስት።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀኔ ማለት ያቺ የምሳ ሰዓት ነበረች። ጠዋቱ እሷን መጠበቂያ ነው። ከሰዓት በኋላው እሷን ማሰቢያ ነው። ቅዳሜና እሁድን ተዉት።

ማዕድ እኔ ዘንድ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም። ሰው ሰው የሚሆነው ማዕድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጌታችን እንኳ ያንን ትልቅ ትምህርት ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው ራት ላይ ነው፤ ያውም እግራቸውን ካጠበ በኋላ። እኔ ደግሞ ከእጅ እጀምራለሁ። ናቲ ሚጣን ያስታጥባል፣ ሚጣ ረድኤትን፣ ረድኤት ናቲን፤ በሳምንቱ ይገለበጣል። ተራው እንዳይዛባ በደብተር እጽፈዋለሁ። ከዚያ ጸሎት፤ እሱም በተራ። ትሪው ሲቀርብ ከፊቱ ዘሎ የሚወስድ የለም። ዘሎ የወሰደ ሁለቱን አንድ አንድ ጊዜ ያጎርሳል፤ ቅጣቱ ይኸው ነው። ስስትን የሚሰብረው ማጉረስ ነው ብዬ ያወጣሁት ሕግ ነበር። ናቲ ግን ወደደው። ሆን ብሎ እየዘለለ ሚጣን ዓይኗ እስኪፈጥ ያጎርሳት ጀመር። የጉርሻውን መጠን በሕግ መወሰን ግድ ሆነብኝ።

እንቁላሉን ደግሞ በቢላ አልከፍልም። ቢላ አስኳሉን ይሰባብረዋል፤ አስኳል የደረሰው ይስቃል፣ ነጩ የደረሰው ያለቅሳል። ክር ግን አያዳላም። አንዱን ጫፍ በጥርሴ፣ ሌላውን በእጄ ይዤ ሦስት ቦታ ስከፍለው ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። አንድ ቀን መካከለኛው ቁራጭ ትንሽ የሰፋ ስለመሰለኝ መልሼ ከረከምኩት፤ ከዚያ የዳሮቹ በለጡ፤ እነሱንም ከረከምኳቸው። በመጨረሻ ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው የጥፍር ያህል ነበር፤ ግን እኩል ነበር።

ሌላው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ከመነሳቱ በፊት ልጅ ሁሉ ይጠየቃል። ዛሬ ለማን ደግ ሆንክ? ማንን አስቀየምሽ? ይቅርታስ ጠየቅሽ? ያልመለሰ እጁን አይዘረጋም። ናቲ በየቀኑ አንድ ሽማግሌ አስፋልት ማሻገሩን ይነግረኛል። አንድ ሰሞን አመሰገንኩት። ሳምንት አለፈ፤ እኚህ ሽማግሌ ዛሬም ተሻገሩ፣ ነገም ተሻገሩ። በሦስተኛው ሳምንት ጨነቀኝ።

"ናቲ፣ እኚህ ሰው ቤታቸው የቱ ጋ ነው?"

"አስፋልቱን ተሻግሮ ነው እምዬ።"

"ታዲያ በደረሱ ጊዜ ለምን አይቀመጡም? ማነው ወዲህ የሚመልሳቸው?"

ረድኤት ሳቋን አፍና አቀረቀረች። የውሸት ጥያቄ ለብቻው ተጨመረ፤ ወጡ በረደ፤ ደወል ሊደወል ነው ብለው እየሮጡ ሄዱ። እኔ ግን ጥሩ ምሳ ነበር ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ድንች ወጥ ሠርቼ ጠበቅኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ትሪውን ሸፈንኩት፣ ገለጥኩት፣ መልሼ ሸፈንኩት። ደጅ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የሌላ ሰው ልጆች ሁሉ አሉ፣ የእኔዎቹ የሉም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ ዘበኛውን ጠየቅኩ። "ለምሳ ወጥተው ተመልሰዋል እኮ እናቴ፣ ክፍል ናቸው" አለኝ። ለምሳ ወጥተዋል! የት?

ከትምህርት በኋላ እንደ ወትሮው ሊስሙኝ ብቅ አሉ። ናቲ የጓደኛው ልደት ስለነበር ነው አለኝ። ይሁን አልኩ። ማክሰኞ ደግሞ ቀሩ። ሲመጡ ሆዳችንን አሞን ነው አሉኝ።

"ሦስታችሁንም በአንድ ጊዜ?"

"አዎ እምዬ" አለች ረድኤት ዓይኗን ሳታርገበግብ። "እኩል ነው ያመመን።"

በራሴ መሣሪያ መታችኝ። በዚህ ላይ ምን ይባላል?

ረቡዕ ሲመጡ ግን ሚጣን ለብቻዋ ያዝኳት። "እጅሽን አምጪ" ብዬ አሸተትኩ። ሐይቅ ከተማ ኖሮ ይህን ሽታ የማያውቅ የለም።

"ምን በላሽ?"

"ጎመን።"

እጅጌዋን ስገልጥ አንድ ቅርፊት ተለጥፎ እንደ መስተዋት ያበራል።

"ይሄ ጎመን ከየትኛው ሐይቅ ነው የተያዘው?"

ሚጣ ቅርፊቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፈትለክ ብላ ወጣች። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ዓሣ! በረቡዕ! በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይበሉ። በእኔ ማዕድ አይበላም። የማን ማዕድ ነው እንግዲህ የበሉት?

ሐሙስ ልከታተላቸው ቆረጥኩ። ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ደወሉ ሲደወል መሸሸጊያ ሳጣ እዚያው የቆመች ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አጎነበስኩ። ባዶ መስላኝ ነበር፤ ለካ ሾፌሩ መሪው ላይ ተኝቷል። ብድግ አለ።

"ማዘር፣ የት ነን?"

"የትም አይደለንም፤ ዝም በል።"

በቀዳዳው ስመለከት ሦስቱም ቀጥ ብለው ወደ ባጃጇ ይመጣሉ። ደነገጥኩ። "አንቀሳቅሳት! ቶሎ በል፣ ሊያዩኝ ነው!" አልኩት። እሱም ጠቡን የራሱ አድርጎ አስነሳና ነዳ። ስንት እንደሄድን አላውቅም፤ ቀና ስል ከተማው ኋላችን ቀርቷል።

"ከማን ነው የሚሸሹት ማዘር? ባለቤትዎ ይማታል እንዴ?"

"ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው።"

"ታዲያ ከማን ነው?"

"ከስድስት ዓመት ልጅ።"

በመስተዋቱ አየኝ። ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ ፈጠን ብሎ ነዳ፤ ሐይቁ ዳር አውርዶኝም ሳይሰናበተኝ ተመለሰ።

ይኸውላችሁ፣ ልጅ ልከተል የወጣሁ ሴት፣ በእኩለ ቀን፣ ምሳ ሳልበላ ሐይቅ ዳር ቆምኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ያወረዱትን እየገፈፉ ነው። አንዱ ያውቀኛል፤ ሰላምታ ሰጠኝና "ዛሬ እርስዎም መጡ? ለእትዬ ሰዓዳ ነው እንዴ የሚወስዱላት?" አለኝ።

"ሰዓዳ ማን?"

"ጎረቤትዎ ናታ። ይሄው ሰሞኑን በየቀኑ ታዛለች። 'ማተብ ያሰሩ እንግዶች አሉኝ፣ የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ አጥንቱ ያነሰውን ዓሣ ምረጥልኝ' ትላለች። ትንሽ ልጅም አለች መሰለኝ፣ አጥንቱን አደራ ትለኛለች።"

ሰዓዳ! አጥር የምንጋራው! የእሷ ልጆች ዐረብ አገር ገብተው ብቻዋን የቀረችው ሰዓዳ! ለማያውቅ ልንገረው፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላሙን ሥጋ አይበላም፣ እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም። ድግስ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፣ በሰላም ይበላል። ዓሣ ግን ማንም አያርደውም፤ ከውኃ ወጥቶ ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ትሪ ሁለቱም ይበላዋል። ሰዓዳ ይህን አስባ፣ ልጆቼን እንዳታስት ተጠንቅቃ ነው። ረቡዕን አልፈርድባትም፤ ሥጋ ካልሆነ ጾም ነው ብላ ነው። ይህን ስሰማ ንዴቴ ተበላሸብኝ። ሥጋ አብልታቸው ቢሆን ኖሮ አገር የሚሰማው ክስ በያዝኩ ነበር። እሷ ግን ክሴን ጥርሱን አወለቀችው።

በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ምስሩ ላዩ ደርቋል። ሬዲዮኑን ከፈትኩና ለብቻዬ ቀረብኩ። ሰው እየሰማ እንዴት ዝም ብሎ ይበላል ብዬ ዜና አንባቢውን "እንብላ" አልኩት። ስለ መንገድ ሥራ ማውራቱን ቀጠለ። ያኔ ነው በአጥሩ በኩል የሰዓዳ ቤት እንዴት ዝም እንዳለ የሰማሁት። ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። እሷም እንደ እኔ ብቻዋን ናት፤ ልዩነታችን እሷ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዋን አለመሆኗ ነው።

በማግስቱ ሄደሽ ለምን አልጠየቅሻትም ትሉኝ ይሆናል። ምሳ ፍለጋ ሰው ደጅ አልቆምም። ሳምንት ሙሉ አልሄድኩም። ያቺን ሁለተኛ ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኳት ብዙ አላወራም። በየቀኑ ለሦስት ልጅ የሚበቃ ወጥ እሠራለሁ፤ እጄ ለአንድ ሰው መሥራት አልቻለበትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን በአጥሩ በኩል ሳቃቸው ይመጣል። የናቲን ሳቅ ሦስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዴት ያለ ድምፅ አለው! ሊጎረምስ ነው።

ናቲን አንድ ቀን ስለ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። ጫማውን እያየ "እንዲሁ ነው እምዬ" አለ። እንዲሁ የሚባል ምክንያት በደብተሬ አይመዘገብም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የረቡዑን ዓሣ ነገርኳቸው።

"ሴትየዋ አላወቀችም፤ ንገሪያት፣ አለቀ" አሉኝ።

"ዋናው ዓሣው አይደለም አባቴ።"

"ዋናውስ?"

"ማዕዴን ጥለው መሄዳቸው ነው። በጸሎት፣ በሥርዓት፣ በእኩልነት የማበላቸውን።"

"ልጄ፣ ጌታችንን ከከሰሱበት አንዱ ምን ነበር? ከማንም ጋር ይበላል ብለው አይደል? እስቲ አስቢው፤ ሰው ሁሉ አብሮት መብላት ይሻ ነበር ማለት ነው።"

"እኔን የሚሻኝ የለም ማለትዎ ነው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ብለዋል አባቴ።"

መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሰዓት ደረሰብኝ ብለው ሄዱ። የምን ሰዓት እንደሆነ አልገባኝም።

እሁድ ልጄን ያዝኳት። "ልጆች ናቸው እማዬ፣ ትንሽ ጊዜ ስጫቸው" አለችኝ።

"ሁለት ሳምንት ሰጠኋቸው፤ ስንት ይሰጣል? አንቺን ባሳደግኩበት ማዕድ ነው ያሳደግኳቸው። አምባሰል ዘጠኝ ሆነን በአንድ ትሪ ስንቀርብ አንድ ልጅ ትንፍሽ ይል ነበር?"

"አይልም ነበር" አለች።

"እጁን የሚያሳልፍ ነበር?"

"አልነበረም እማዬ። አስታውሳለሁ።" ከዚያ ዝም አለች። ልጄ ዝም ስትል መስማማቷ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ወደ መጨረሻው ፍርድ ሄድኩ። በሰፈራችን የተጣላን የሚያስታርቁ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አቶ ይመርና ሼህ ሙሄ ይባላሉ። የመሬት ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ እነሱ ዘንድ ነው የሚያልቀው። ምሳ ጋበዝኳቸው። ለሁለቱም የሚሆን ሽሮና ጎመን ሠራሁ። በሽሮ ሃይማኖት አይጣላም።

መጡ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሉ "አንዱ አንዱን ያስታጥብ" አልኩ። ተያዩና አንዱ አንዱን አስታጠቡ። በየሃይማኖታቸው ጸለዩ። ትሪው ቀረበ። አቶ ይመር እጃቸውን ሲዘረጉ "ይቆዩኝ" አልኳቸው። "በዚህ ማዕድ ሥርዓት አለ። ጉዳዩን በደንብ እንዲረዱት እንደ ልጆቹ ይሁኑ። አቶ ይመር፣ ዛሬ ለማን ደግ ሆኑ?"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

አቶ ይመር ጢማቸውን አሻሹ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ስንት ደም ያስታረቁ፣ ላብ ላብ አላቸው። "ጠዋት... አህያዬን ውኃ አጠጣሁ" አሉ።

"አህያ የራስ ነው፤ አይቆጠርም። ሼህ ሙሄ?"

"ያ አላህ!" አሉ ሼህ ሙሄ። "እኔም አህያ ነበር ልል።"

እሺ ብዬ አሳለፍኳቸው፤ እንግዳ ናቸው። በሉ። ክሴን እያሰማሁ ሳለ አቶ ይመር እያዳመጡ ሳይታወቃቸው እጃቸው ወደ ሼህ ሙሄ ጎመን ተሻገረ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳና እጃቸውን ቸብ አደረገው! እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። ሼህ ሙሄ ጉርሻቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። አቶ ይመር የተመታ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከቱት።

"ያጎርሷቸዋል እንግዲህ" አልኩ፤ ሕግ ሕግ ነው።

አቶ ይመር ሼህ ሙሄን አጎረሱ። ተበላ፣ ተነሳ፣ እጅ ታጠቡ። ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እህቴ፣ ጉዳዩን ሰምተናል። ቀምሰናልም። ምግብሽ ግሩም ነው፣ አላህ ይስጥሽ። በልጆቹ ላይ ግን መፍረድ አልቻልንም።"

"ለምን?"

አቶ ይመር በሩ ላይ ደርሰው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። "እኛም ነገ ሰዓዳ ቤት ነን" አሉ።

ሼህ ሙሄ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሁለት ሽማግሌ እየተደጋገፉ እንደ ተማሪ ሲስቁ በመንገዱ ሄዱ። ሼህ ሙሄ ግን ከመንገድ ተመልሰው፣ ሳቃቸውን ውጠው፣ "ሄደሽ ልጆቹን ራስሽ ጠይቂ። ስትጠይቂ ደግሞ መልሱን አትንገሪያቸው" አሉኝ።

ከሰዓቱን ሁሉ ትሪውን ሳጥብ ዋልኩ። ንጹሕ ነበር።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳ ፍለጋ ሰው ደጅ የማልቆመው እኔ የሰዓዳ ደጅ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከመጥራቴ በፊት አየኋቸው። አንድ ትሪ ዙሪያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዓዳ "ቢስሚላህ" ስትል እነሱ አማተቡ፤ ማንም ማንን አላየም። ሦስቱም እየተሻሙ ያወራሉ፤ ረድኤት የመምህሯን አረማመድ ታስመስላለች፤ ሰዓዳ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ትስቃለች። ሚጣ እጇን ከፊቷ አሳልፋ ከናቲ በኩል ጎረሰች፣ የሚናገራት የለም። ይኸው አልኩ በልቤ፣ ሥርዓት አልባ!

ከዚያ ናቲን አየሁት። ዓሣውን በጣቱ እየፈለቀቀ አጥንቱን ወደ ጎን ያደርጋል። ንጹሑን ግማሽ ከሚጣ ፊት አስቀመጠ። ሌላውን ግማሽ፣ ትልቁን፣ ከሰዓዳ ፊት አኖረ። ለራሱ የዓሣውን ጭንቅላት ያዘ። ማንም ለማን ደግ ሆንክ አላለውም። ረድኤት የሰዓዳ ብርጭቆ መጉደሉን አይታ ሳትጠየቅ ውኃ ቀዳች። ሦስት ዓመት በደብተር የጻፍኩት ሁሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልነበርኩት።

ሰዓዳ አየችኝ። "ኧረ በአላህ! ጎረቤቴ! ግቢ፣ ግቢ!" ብላ ተነሳች። ልጆቹ እንደ ሐውልት ደረቁ። የናቲ እጅ ከትሪው ላይ ተነሳ። ያቺን የእጁን መነሳት አልረሳትም፤ እኔን ሲያይ ነው የተነሳችው።

"አልገባም" አልኩ። "ጥያቄ አለኝ፤ ጠይቄ እሄዳለሁ።"

"አይ ጎረቤቴ፣ በእኔ ከሆነ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለች ሰዓዳ። "መስከረም መጨረሻ ያ ዝናብ ሲጥል ከጣራዬ ሥር ተጠልለው አይቼ ነው ኑ ያልኳቸው። ከዚያ ራሳቸው መጡ። እንነግራታለን፣ እንነግራታለን እያሉኝ። እኔም... ወላሂ፣ ነገርኳት ማለት ቀሩብኝ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።"

የምሰድባት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ያቺን የመጨረሻዋን ስትናገር ጠፋኝ።

ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ድምፄን ለማለስለስ ሞከርኩ፤ ለስልሶ አያውቅምና ተንቀጠቀጠ። "ምን በደልኳችሁ?"

"ምንም እምዬ" አለ ናቲ።

"አንዱን ከአንዱ አስበልጫለሁ?"

"እኩል ነው የምትሰጪን" አለች ረድኤት። "በጣም እኩል ነው።"

"ወጤ ይጎመዝዛል?"

"አይጎመዝዝም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

ናቲ ረድኤትን አያት፣ ረድኤት ናቲን። ሚጣ ግን ስድስት ዓመቷ ነው፣ ይሉኝታ ገና አልተማረችም።

"እምዬ፣ አንቺ ቤት ፈተና ነው" አለች።

ሰዓዳ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ስቃ ይሁን አዝና አላውቅም።

"እዚህስ?" አልኩ።

ሚጣ በአግራሞት አየችኝ፤ ይሄም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን። "እዚህማ ምሳ ነው።"

በሩን ይዤ ቆምኩ። የምሄድበት ቤት አጥር ማዶ ይታየኛል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ምድጃው ላይ ለሦስት ልጅ የሚበቃ ወጥ ተጥዷል። በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ጠይቄአለሁ፤ ሁሉንም መልሱን እያወቅኩ ነው። ይህንን ግን ሳላውቅ ጠየቅኩ።

"ጥያቄውን ብተወው... ነገ ትመጣላችሁ?"

ናቲ ትሪውን ያያል። ሰዓዳ ትንፋሿን ይዛለች፤ ለእሷም ፍርድ ነው። ከዚያ ሚጣ በምንጣፉ ላይ ወደ ረድኤት ጠጋ ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን ቦታ በዘይት በተነከረ እጇ መታ መታ አደረገችው።

"መጀመሪያ ተቀመጪ" አለችኝ። "ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው።"